የአባባ አፈወርቅ ተራ

ጽናት ትባላለች። ይህ ነገር ሲሆን አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቤታቸው እዚሁ መሐል ሜዳ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ውስጥ ነው። አሁን ጽናት ከፍ ብላለች። ታሪኩን እንድነግራችሁ የጠየቀችኝም ራሷ ናት። «ስሜንም አይቀይሩት፣ መምህር» አለችኝ። እኔም አልቀየርኩትም።

ጽናት እኅትም ወንድምም የላትም። አባቷ ራቤል ከተማ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሚሠሩ ወደ ቤት የሚመጡት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሰናይት የአረጋውያን ማዕከሉ ኃላፊ ናቸው። ማዕከሉን ያላያችሁት ካላችሁ ልንገራችሁ። ሰኞና ዓርብ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተሰብስበው ምሳ ይበላሉ። ማክሰኞ ነርስ መጥታ የደም ግፊታቸውን ትለካለች። ሐሙስ ደግሞ እጃቸው የሚችል ሱፍ ይፈትላሉ፤ የማይችሉት አጠገባቸው ተቀምጠው ይጫወታሉ። ይህን ሁሉ የሚያዘጋጁት ወይዘሮ ሰናይት ናቸው። እንጨት አለቀ ሲባል እሳቸው ይሮጣሉ። ነርሷ ቀረች ሲባል እሳቸው ይደውላሉ። እራት ላይ እንኳ ስልካቸው አያርፍም።

ጽናት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። በክር አድርጋ በአንገቷ ባንጠለጠለችው ቁልፍ በሩን ትከፍታለች። ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። ሬዲዮ የምትከፍተው ለማዳመጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው። ከእናንተም መካከል እንዲህ የሚውል ልጅ አለ። ማን እንደሆነ አልጠይቅም። እንደማውቅ ብቻ ይወቅልኝ።

ረቡዕ የቤት ለቤት ጉብኝት ቀን ነው። ወደ ማዕከሉ መምጣት የማይችሉ አረጋውያን አሉ፤ እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ ዓይናቸው የደከመ። እነሱን የሚጠይቁት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ናቸው። ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። ውሃ ይቀዳሉ፣ ቤት ይጠርጋሉ፣ ከማዕከሉ የተላከ መልእክት ካለ ያደርሳሉ። ከዚያ ያዩትን በደብተር ይጽፋሉ። ደብተሩን ሐሙስ ሐሙስ የምሰበስበውና የምፈርምበት እኔ ነኝ።

ለጽናትና ለጓደኛዋ ለጽዮን የደረሷቸው አባባ አፈወርቅ ነበሩ።

አባባ አፈወርቅ ሠላሳ ዓመት በመንገድ ጥገና ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አያዩም። አንድ ቀን ወደ ማዕከሉ ሲመጡ ቦይ ውስጥ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው ርቀው አልሄዱም። ቤታቸው ከከብት ገበያው በስተጀርባ፣ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ይቀመጡና መኪና ያዳምጣሉ።

«የዚች ሚኒባስ ፍሬን ሊያልቅ ነው» ይላሉ። «ሾፌሩን ካገኛችሁት ንገሩት። ቁልቁለት አለበት።»

ከዚያ ደግሞ «ማን አለፈ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹም ያዩትን ይነግሯቸዋል። አህያ የጫነ ሰው አለፈ። ሁለት ተማሪዎች አለፉ። አንድ ቄስ ጥላ ይዘው አለፉ። አባባ አፈወርቅ እያንዳንዱን ጸጥ ብለው ይሰማሉ።

አንድ ቀን የጽዮን እናት ወደ ዓለም ከተማ ተዛወሩ። ጽዮንም አብራ ሄደች። እኔ ጽናትን «ሌላ ጓደኛ እፈልግልሻለሁ» አልኳት። ልጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ረሳሁት።

ጽናት ብቻዋን መሄድ ጀመረች። ጽዮን በነበረች ጊዜ ሳቅ ነበረ። አሁን ከአንድ ጭር ካለ ቤት ወጥታ ሌላ ጭር ያለ ቤት መግባት ሆነባት። ጀሪካኑን ትሞላለች። ቤቱን ትጠርጋለች። ማን እንዳለፈ ትናገራለች። ማንም ያላለፈ ጊዜ ሁለቱም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በዚህ ላይ ብርዱ አለ። የእኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሐል ሰብሊ የምትባል የክፍሏ ልጅ ቀረበቻት።

«ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ነይ» አለቻት ሰብሊ። «ተከታታይ ፊልም አለ። ከእኅቶቼ ጋር ነው የምናየው።»

«ረቡዕ አልችልም። አንድ የምጠይቃቸው ሽማግሌ አሉ።»

«ፊልሙ ሲያልቅ ትሄጃለሽ። አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

ጽናት ሄደች። በሰብሊ ቤት አንድ ሶፋ ላይ አምስት ሰው ተደራርቦ ተቀምጧል። ሲያዩዋት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት። ቆሎ በሳህን አቀረቡላት። ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይስቃል። ጽናት ከዚያ ሙቀት ውስጥ መነሣት አቃታት። ፊልሙ አለቀ፤ ሌላ ተጀመረ። ስትወጣ መሽቷል፣ ጭጋጉም ወርዷል። ወደ ከብት ገበያው አቅጣጫ አየች። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች።

ማታ ደብተሩን ከፈተች። ገጹ ባዶ ነው። ነገ ሐሙስ ነው።

እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሄጄ ነበር። ደህና ናቸው። ውሃ ቀድቻለሁ።»

አያችሁ፣ ውሸቱ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ በማግሥቱ አነበብኩት። ፈረምኩበት። ከሥሩም «ጎበዝ» ብዬ ጻፍኩ። ጽናት «ጎበዝ» የሚለውን ስታነብ ደብተሩን ቶሎ ዘጋችው። ግን ማንም ምንም አላላትም።

በሁለተኛው ረቡዕ እንደገና ወደ ሰብሊ ቤት ሄደች። እንደገናም ጻፈች። በዚህ ጊዜ ሳታመነታ ነው የጻፈችው።

በሦስተኛው ረቡዕ ለጉብኝት የሚሄዱት ልጆች ሁሉ ማዕከሉ ተጠሩ። ወይዘሮ ሰናይት ወረቀት ይዘው ቆመዋል።

«ልጆች፣ ዛሬ ጥሩ ወሬ ነው የምታደርሱት» አሉ። «የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ዓርብ ቀን ሞራ ያለባቸውን ይሠራሉ። ቅዳሜ ፋሻውን ፈትተው ይሄዳሉ። ነርሷ ቀደም ብላ የመዘገበቻቸው አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። ስልክ ስለሌላቸው በእናንተ በኩል ነው የሚሰሙት። ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መኪና ከየቤታቸው ይወስዳቸዋል። እሺ ካሉ እሺ ብለዋል ብላችሁ ንገሩኝ። አንፈልግም ካሉም ንገሩኝ፤ ተጠባባቂ ብዙ አለ።»

ከዚያ ስም ጠሩ። ሰባተኛው ስም አባባ አፈወርቅ ነበር።

ጽናት ከማዕከሉ ስትወጣ በእውነት ልትሄድ አስባ ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ቀርታለች። «የት ጠፋሽ?» ይሉኛል ብላ አሰበች። ምን ብላ ትመልሳለች? መንገድ ላይ ቆማ ስታስብ ሰብሊ መጣች። «የዛሬው የመጨረሻው ክፍል ነው» አለቻት። ጽናት «መጀመሪያ ፊልሙን ልይና እሄዳለሁ» አለች። ፊልሙ ሳያልቅ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም ነበር። ሲያባራ መንገዱ ጎርፍ ሆኖ አገኘችው። «ነገ ከትምህርት በኋላ እነግራቸዋለሁ» ብላ ቤቷ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ላይ ወይዘሮ ሰናይት የስም ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«አባባ አፈወርቅስ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ።

ጽናት ዳቦውን አፏ ውስጥ አቆየችው። «እሺ ብለዋል» ብትል መኪናው ነገ በራቸው ላይ ይቆማል፤ እሳቸውም ምንም እንዳልሰሙ ይናገራሉ። «አልነገርኳቸውም» ብትል ደግሞ እናቷ ለምን ይላሉ፤ ከዚያ ደብተሩ ይታያል። ሦስተኛ መንገድ ፈለገች። አገኘችም።

«ፈሩ መሰለኝ» አለች። «አልፈልግም አሉ።»

እናቷ ቀና ብለው አዩዋት። «አልፈልግም አሉ?»

«አዎ።»

«ምስኪን። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ዓይኔን በስለት አልነካም ይላሉ። ሄጄ ልለምናቸው ይገባ ነበር፤ ዛሬ ግን ፋታ የለኝም።» እስክሪብቶ አንሥተው ሰባተኛው ስም ላይ መስመር አሰመሩ። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ከተጠባባቂዎቹ መጀመሪያ ላይ ላሉት ሴት ጎረቤት ደወሉ። «ለእማማ ጌታነሽ ንገሩልኝ» አሉ። «ቦታ ተገኝቷል።»

ጽናት አሁንም መናገር ትችል ነበር። የመስመሩ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። አፏን ከፈተች፣ እናቷ ግን ቦርሳቸውን ይዘው ወጥተው ነበር።

ዓርብ ሐኪሞቹ ሠሩ። ቅዳሜ ፋሻ ፈቱ። ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የታከሙት ሁሉ ማዕከሉ ተሰበሰቡ። ነርሷ ጠብታ ታደርግላቸዋለች። ጽናትም ከእናቷ ጋር ነበረች። እማማ ጌታነሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያገላበጡ ያያሉ። «ይህ ሁሉ የእኔ እጅ ነው?» ይላሉ። «እንዴት አርጅቷል።» ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ ወይዘሮ ሰናይትን ጠሯቸው። «በእኔ ቦታ የነበረው ሰውዬ ፈርቶ ቀረ አልሽኝ አይደል? ነገ ቤቱ ውሰጅኝ። አያምም ብዬ ልንገረው። ለሚቀጥለው ጊዜ እንዳይፈራ።»

«ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ እማማ» አሉ ወይዘሮ ሰናይት።

ጽናት ይህን ሰማች። ማንም ሳያያት ወጣች። ወደ ከብት ገበያው ሮጠች። ልጆች፣ ልትናዘዝ እየሮጠች እንዳይመስላችሁ። አባባ አፈወርቅ ነገ ሲጠየቁ «አዎ፣ ፈርቼ ነው» እንዲሉላት ልትለምናቸው ነበር የሄደችው። አንድ ውሸት ጀምረን ካላቆምነው ሌላ ሰውም እንዲዋሽልን እስከ መለመን ያደርሰናል።

አባባ አፈወርቅ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ጽናት ገና ሳትናገር ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«ጽናት ነሽ? እርምጃሽ ነው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ተመስገን። ታመሽ መስሎኝ ነበር።»

ጽናት እጃቸውን አየች። ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ታስሯል። በሩ አጠገብ ያለው ጀሪካን ወድቋል፤ ባዶ ነው።

«እጅዎ ምን ሆነ?»

«ምንም አይደል። ሐሙስ ለት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጠፊ ጊዜ፣ ሕፃኗ ምን አገኛት ብዬ ማዕከሉ ሄጄ ልጠይቅ ተነሣሁ። ጭጋግ ነበር መሰለኝ፣ ያቺው ትንሿ ብርሃንም ጠፋችብኝ። ከገበያው አጥር ጋር ተጋጭቼ ወደቅሁ። አንድ በግ የሚነዳ ሰው ነው መልሶ ያመጣኝ።» ከዚያ ጠየቁ። «ለመሆኑ ደህና ነሽ?»

ጽናት ልትለምን የመጣችውን ረሳችው። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው። ፊልሙን ነገረቻቸው። ደብተሩን ነገረቻቸው። ሐኪሞቹንም ነገረቻቸው።

አንድ የጭነት መኪና አለፈ። አባባ አፈወርቅ ስለ መኪናው ምንም አላሉም።

«ሐኪሞቹ ሄዱ?» አሉ በመጨረሻ።

«ትናንት ሄዱ።»

«ሐኪሞቹ ሲመጡ እንነግርዎታለን ብላኝ ነበር፣ ነርሷ። እየጠበቅሁ ነበር።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

«ፈሩ ብዬ። አልፈልግም አሉ ብዬ።»

«እኔ አልፈራሁም ነበር» አሉ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጽናት ቢቆጧት ይሻላት እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«አሁን ቤትሽ ሂጂ፣ ልጄ። ዛሬ ብቻዬን ልቀመጥ።»

ጽናት ተነሣች። ያንን ባዶ ጀሪካን ወስዳ ከቦኖ ሞልታ መልሳ አስቀመጠችው። እሳቸው ስትመጣም ስትሄድም አልተናገሩም። ከዚያ በገበያው መሐል አልፋ ሄደች። እሑድ ስለሆነ ገበያው ባዶ ነበር። ነፋስ ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት በዓለም ላይ ማንም እንደሌላት ተሰማት።

ግን ወደ ቤት አልገባችም። በቀጥታ ማዕከሉ ሄዳ እናቷን ከሰዎቹ መካከል ጠራቻቸው። ግድግዳው ሥር ቆመው ሁሉንም ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ሰናይት አልመቷትም። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ያዙ። «ያንን ስም የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በእጄ።» ከዚያ ቀና አሉ። «ብቻሽን እንደምትውይ አውቃለሁ፣ ጽናት። አውቄ ዝም ብያለሁ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ውሸቱ ግን የአንቺ ነው። የእኔን እኔ አስተካክላለሁ፣ የአንቺን አንቺ።»

ወዲያው ስልክ ደወሉ። ሐኪሞቹ ከደብረ ብርሃንም አልፈው ሄደዋል። እንደገና የሚመጡት ለከርሞ ነው። ሰኞ ዕለት ደግሞ ደብረ ብርሃን ላለው ሆስፒታል ደወሉ። እዚያ ወረፋ አለ፤ ቀጠሮ የተገኘው ከአራት ወር በኋላ ነበር።

ጽናት ደብተሩን ይዛ ወደ እኔ የመጣችው በዚያው እሑድ ከሰዓት ነው። ውሸት የጻፈችባቸው ገጾች ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምራለች። የእኔን ፊርማ ከሥሩ አየሁት። «ጎበዝ» የሚለውንም አየሁ። ጓደኛ እፈልግልሻለሁ ብዬ የረሳሁት እኔ ነኝ። ሳላጣራ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እኔም ሄጄ አባባ አፈወርቅን ይቅርታ ጠየቅሁ። ትልቅ ሰውም ሲያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል።

እማማ ጌታነሽም ሰኞ ጠዋት እንዳሉት ሄዱ። እውነቱን ከወይዘሮ ሰናይት ስለ ሰሙ ግን የሄዱት አይዞህ ሊሉ አልነበረም። «በአንተ ቦታ ነው ያየሁት» ብለዋቸው አለቀሱ። አባባ አፈወርቅ «ማየትሽ ይበቃል፤ ምን ያስለቅስሻል» አሏቸው።

ጽናት የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ከሰሟት በኋላ «ይቅርታ መጠየቅ መጀመሪያው ነው» አሏት። «አሁን አገልግያቸው። ይቅር ብያለሁ ባይሉሽም አገልግያቸው።»

በማዕከሉም ሥራው ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ ብቻውን ጉብኝት አይሄድም። መልእክት የደረሳቸው አረጋውያን ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን ያትማሉ። ወይዘሮ ሰናይት ራሳቸው በወር አንድ ጊዜ በየቤቱ ይዞራሉ። እራት ላይም ስልካቸውን ያጠፋሉ።

ጽናት ረቡዕ ረቡዕ መሄድ ቀጠለች። ሰብሊ ሁለት ጊዜ አብራት ሄደች፤ ከዚያ ተወችው። እኔ አብሬያት መሄድ ጀመርኩ። አባባ አፈወርቅ አላባረሯትም። ሲጠየቁ ይመልሳሉ። «በልተዋል?» «በልቻለሁ።» «የእጅዎን መድኃኒት ወሰዱ?» «ወስጃለሁ።» ከዚያ ጸጥታ ነው። «ማን አለፈ?» ብለው አይጠይቋትም። ጽናት ውሃውን ቀድታ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ አንድ ሰዓት ትቀመጣለች። ብርዱ እጇን ያደነዝዘዋል። ብዙ ጊዜ ዕንባዋ ይመጣል፤ ግን ድምፅ አታሰማም። በመንገድ ላይ «ይጠሉኛል» አለችኝ አንድ ቀን። «በሚቀጥለው ረቡዕም እንሄዳለን» አልኳት።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ አለፈ። አንድ ረቡዕ ከሩቅ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አባባ አፈወርቅ ጆሯቸውን አቀኑ። ፈረሱ ደረሰ፣ አለፈ፣ ድምፁ ራቀ።

«ማን አለፈ?» አሉ።

ጽናት ብድግ ብላ አየች። «አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ አባባ» አለች። «ቡላ ፈረስ ላይ ተቀምጠዋል። የሱፍ ባና ለብሰዋል። ከኋላቸው አንድ ውሻ ይሮጣል።»

«ውሻው ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ነው። አንድ እግሩ ጥቁር ነው።»

«እሺ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ለጽናት ግን ያ ብዙ ነበር።

የቀጠሮው ቀን በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ላይ ዋለ። ወይዘሮ ሰናይት አባባ አፈወርቅን ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ ጽናትም ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ አባባ አፈወርቅ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። መንገዱን አያዩትም፤ ግን ያውቁታል። ሾፌሩ ሳያጥፍ «አሁን ወደ ቀኝ ነው» ይላሉ። መኪናው ሳይዘቀዝቅ «ቁልቁለቱ መጣ» ይላሉ። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ድልድዩን ስንሠራ አሥራ ስድስት ቀን ዘነበብን» አሉ። ጽናት ወደ ውጭ አይታ «ድልድዩ አሁንም አለ፣ አባባ» አለቻቸው።

ሐኪሟ ሁለቱንም ዓይን በመብራት አዩ። ብዙ ቆዩ። «ግራውን እንሠራዋለን» አሉ። «ቀኙ ግን ውስጡ ግፊት ጨምሮ ተጎድቷል። እሱን መመለስ አንችልም።»

ወይዘሮ ሰናይት ቀስ ብለው ጠየቁ። «ከአራት ወር በፊት ቢመጡ ኖሮስ?»

«ምናልባት ይተርፍ ነበር። እርግጠኛ ሆኜ ግን አልነግራችሁም።»

ጽናት ግድግዳው አጠገብ ቆማ ሰማች። አባባ አፈወርቅም ሰሙ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግራው ዓይን ተሠራ። ሌሊቱን ያረፉበት ክፍል ውስጥ ጽናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። አባባ አፈወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ግራውን ገለጡት። ጣሪያውን አዩ። መስኮቱን አዩ። ነጭ የለበሱትን ሐኪም አዩ። ወይዘሮ ሰናይትን አይተው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏቸው። ከዚያ ከሁሉም ኋላ፣ በሩ አጠገብ የቆመችውን አዩ።

«ጽናት ማለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ቅረቢ።»

ቀረበች። ቀና ብላ ማየት ፈርታ ጫማዋን ታያለች። አባባ አፈወርቅ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሕፃን ነሽ እኮ» አሉ። «በአፌ ሕፃን እልሻለሁ እንጂ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሳስብሽ ትልቅ ሰው ነበርሽ። ያን ሁሉ ረቡዕ የተቀየምኩት ያቺን ትልቅ ሰው ነው። አንቺን አይደለም።»

እጃቸውን ዘርግተው ራሷን ዳበሷት። «ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «ዓርብ ማዕከሉ ድረስ በእግሬ መሄድ እፈልጋለሁ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ። በዚህኛው በኩል አላይምና በቀኜ ሁኚ።»

ጽናት አለቀሰች። በዚህ ጊዜ ድምፅ አሰምታ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ዓርብ ዕለት ወደ ማዕከሉ ሲመጡ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። እሷ በቀኛቸው ናት። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። እሳቸው በቦዩ ዳር ቆም ብለው ወደ ታች ተመለከቱ፤ ከዚያ ተሻገሩ።

ልጆች፣ ያላደረግነውን አድርገናል ብለን ስንዋሽ እኛን አምኖ የሚጠብቅ ሰው ይጎዳል፤ ስለዚህ ጥፋታችንን ቶሎ እንናገር፣ የበደልነውንም ሰው በትዕግሥት እያገለገልን እንካሰው።